«እንጀራ ይሆናል ወይ?»

ባለፈው ዓመት አንድ የቁምስናችን ምእመን ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ጠብቀው አነጋገሩን። ሰውየው በዘበኝነት ሥራ አራት ልጆች ያሳደጉ፣ ለትምህርት ያላቸው አክብሮት እጅግ የላቀ አባት ናቸው። የበኵር ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ መላው ቁምስና አብሯቸው መደሰቱን እናስታውሳለን። በዚያን ቀን ግን በፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም። «አባ፣ ልጄን የላክሁት መሐንዲስ እንዲሆን ነው» አሉን። «ለዕረፍት ሲመጣ ደብተሮቹን ገልጬ አየሁ። አንዱ ሎጂክ ይላል፤ አንዱ ታሪክ ይላል፤ አንዱ አንትሮፖሎጂ ይላል። እኔ በየወሩ ከአፌ ነጥቄ የምልክለት ለዚህ ነው? አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሲማር ቢከርም እንጀራ ይሆናል ወይ?»

ለጊዜው «ትምህርት ሁሉ ይጠቅማል» ብለን አሰናበትናቸው። መልሱ እውነት ቢሆንም ለእርሳቸው የልብ ጥያቄ የሚመጥን አልነበረም። ብዙ ወላጆች በልባቸው የያዙት፣ ብዙ ተማሪዎችም እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ጉዳይ በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ ከውድ አንባብያን ጋር ጥቂት ልናሰላስልበት ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥያቄው ከቶ የሚናቅ እንዳልሆነ መናገር ይገባናል። ጌታችን በምድረ በዳ ድንጋዩን ወደ እንጀራ እንዲለውጥ በተፈተነ ጊዜ እምቢ ማለቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ያው ጌታ የተራበውን ሕዝብ ባየ ጊዜ በቃል ብቻ አላሰናበተውም፤ አብልቶታል። ልጁን ለማስተማር ምሳውን የሚተው አባት ስለ እንጀራ ሲጠይቅ «ዕውቀት የሚወደደው ስለ ዕውቀትነቱ ነው» ብሎ መመለስ የጠገበ ሰው መልስ ነው። እንግዲህ የምንፈልገው መልስ የእንጀራን ጥያቄ የሚሸሽ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ድረስ የሚከተለው መሆን አለበት።

በውጭ አገር ቋንቋ «ሊበራል አርትስ» የሚባለውን ትምህርት በአማርኛ «ነጻ ጥበባት» ልንለው እንችላለን፤ «ሊበር» በላቲን ቋንቋ «ነጻ» ማለት ነውና። የጥንት ሮማውያን በዚህ ስም የጠሩት ለነጻ ሰው የሚገባውን ትምህርት ሲሆን፣ የጉልበት ሥራን ግን የባሪያ ድርሻ ያደርጉት ነበር። ስለሆነም በስሙ ሥር ነውር እንዳለበት አንሸሽግም፤ ጥቂቶች ፍልስፍና ለማጥናት ጊዜ ያገኙት ብዙዎች በግዳጅ ስለሚያርሱላቸው ነበር። በመካከለኛው ዘመን ጥበባቱ በቁጥር ሰባት ሆነው ጸኑ፤ ሦስቱ የቃል ጥበባት ሰዋስው፣ ሎጂክና የንግግር ጥበብ፣ አራቱ የቁጥር ጥበባት ደግሞ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ ናቸው። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ነገረ መለኮት፣ ሕግ ወይም ሕክምና ሊያጠና የሚሻ ሰው በአብዛኛው አስቀድሞ በእነዚህ ያልፍ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፦ ሒሳብና ሥነ ፈለክ ከነጻ ጥበባት ወገን ነበሩ። «ሳይንስ ወይስ ነጻ ጥበባት?» ብሎ ሁለቱን እንደ ባላንጣ ማቆም የኋላ ዘመን ልማድ ነው። ዛሬም በዚህ ስም የሚጠሩት ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ የኅብረተሰብ ጥናት፣ ሒሳብና መሠረታዊው የተፈጥሮ ሳይንስ ናቸው።

ይህ ሁሉ ለአገራችን እንግዳ ነው የሚል ቢኖር ወደ አብነት ትምህርት ቤቶች ይመልከት። በንባብ ቤት የጀመረ ተማሪ በዜማ ቤት የቅዱስ ያሬድን ዜማ፣ በቅኔ ቤት የግእዝን ሰዋስውና ቅኔን፣ በመጻሕፍት ቤት ትርጓሜን ይማራል፤ በባሕረ ሐሳብም አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን ያሰላል። ቃልና ቁጥር፣ ዜማና ፈለክ እዚህም አብረው ይገኛሉ። የቅኔ ተማሪ ዕለት ዕለት አዲስ ቅኔ እንዲቆጥር ይጠበቅበታል እንጂ የትናንቱን መልሶ ቢያቀርብ ዋጋ የለውም። ከሰሙ ሥር ወርቁን መፈለግ የለመደ አእምሮም፣ ሰው በሚናገረው ቃል ሥር ያልተናገረውን መስማት ይማራል።

የሚደንቀው ደግሞ ይህን ዕውቀት የሚሻው የቆሎ ተማሪ ለምኖ አዳሪ መሆኑ ነው። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ፣ ከደጃፏ የቆመውን ተማሪ ባዶ እጁን የማትመልሰው እናት «ቅኔህ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለው አልጠየቁትም፤ ከእንጀራቸው ቈርሰው ሰጡት። የሚጽፍላቸው፣ ልጆቻቸውን የሚያስተምርላቸው፣ ሙታናቸውንም የሚሸኝላቸው ሰው እንደሚያስፈልጋቸው ያውቁ ነበርና። ድሃው ሕዝብ ጥበብን ለባለጠጎች የተተወ ቅንጦት አድርጎ አልቈጠራትም።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርታችንም ሲጀመር ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲቋቋም አደራው የተሰጣቸው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ሉሲየን ማት ነበሩ። እርሳቸውና የማኅበራቸው ወንድሞች ቀደም ሲል በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ የክህነት ልብሳቸውን ሳይለብሱ፣ በመምህርነት ያገለገሉ ናቸው። ኮሌጁ የሥነ ጥበባትንና የሳይንስን ትምህርት ጎን ለጎን ይዞ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም ከዋና መሠረቶቹ አንዱ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የመዋዠቅ ታሪክ ነው። ተማሪዎች ወደ ልዩ ሙያቸው ከመግባታቸው በፊት ያልፉበት የነበረው «ፍሬሽማን» የሚባለው የመጀመሪያ ዓመት፣ በሁለተኛ ደረጃ የመሰናዶ ትምህርት ሲጀመር፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚገቡት ተማሪዎች 70 ከመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው በማኅበራዊና ሰብአዊ ትምህርቶች እንዲመደቡ የሚል ፖሊሲ ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ መንገድ፣ ግድብና ፋብሪካ የሚያስፈልጋት አገር መሐንዲስ ትሻለች። ከዓመታት በኋላ ግን፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተመለሰ። ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሥነ ልቡና፣ አንትሮፖሎጂ፣ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት ለተማሪዎች ይሰጡ ጀመር። የምእመናችን ልጅ ደብተሮች እንግዲህ ከዚህ ውሳኔ የመጡ ናቸው።

ውሳኔው ትክክል ነበርን? በዚህ ላይ የሚረዱን ቅዱስ ጆን ሄንሪ ኒውማን ናቸው። እኚህ አባት እ.ኤ.አ. በ1852 በአየርላንድ በደብሊን ከተማ ስለ ዩኒቨርሲቲ ትርጉም ተከታታይ ንግግር ያደረጉ፣ በ1854 የተከፈተውንም የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የመሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2025 ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ብለው አውጀዋቸዋል። ትምህርታቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ ዕውቀት ሁሉ አንድ ክበብ ነው፤ ከክበቡ አንዱን ትምህርት ብናወጣ ቦታው ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ሌሎቹ ትምህርቶች ከድንበራቸው አልፈው ይይዙታል። ሐኪም ስለ ሰው አካል ሲናገር እውነት ይናገራል፤ «ሰው ማለት አካሉ ብቻ ነው» ሲል ግን ሕክምናው ያላስተማረውን እየተናገረ ነው። የኢኮኖሚ ሊቅ ስለ ዋጋ ሲያስተምር እንሰማዋለን፤ ዋጋ የሌለው ነገር ሁሉ ክብር የለውም ሲል ግን የሌላውን ወንበር ይዟል። ኒውማን ይህን ሲሉ ሙያን መናቃቸው አልነበረም፤ እርሳቸው የመሩት ያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1855 የሕክምና ትምህርት ቤት ከፍቷል።

ዛሬ በከፍተኛ ትምህርት ዘንድ ብዙ የሚነገርለት የልዩ ልዩ ትምህርቶች መደጋገፍም ከዚሁ የመነጨ ነው። ነገር ግን ጂኦሎጂስቱን፣ ሐኪሙንና የሕግ ባለሙያውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ብቻውን መደጋገፍን አያመጣም። ሁሉም የየራሱን ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ስብሰባው የባቢሎን ግንብ ይሆናል። የጋራ ቋንቋ የሚሰጧቸው፣ አንዱ የሌላውን ጥያቄ እንዲሰማ የሚያደርጉት፣ በወጣትነታቸው በጋራ የተማሯቸው ነጻ ጥበባት ናቸው።

ይህን በተጨባጭ ነገር እንየው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በጊኒ፣ በሴራሊዮንና በላይቤሪያ የኢቦላ ወረርሽኝ ከ28,600 በላይ ሰዎችን አሳመመ፤ ከ11,300 በላይ የሚሆኑትንም ገደለ። ሐኪሞች በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ፣ የሟቹ አስከሬንም እጅግ አደገኛ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ስለሆነም መላ አካላቸውን የሸፈኑ ሠራተኞች ሬሳውን በፕላስቲክ ከረጢት ከትተው ይወስዱ ጀመር፤ በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያም አስከሬን እንዲቃጠል ታዘዘ። በሕክምና ሚዛን ብቻ ሲታይ ትእዛዙ ስሕተት አልነበረበትም። ሕዝቡ ግን ሙታኑን ያጥባል፣ ይገንዛል፣ ዳስሶ ይሰናበታል፤ ሳያጥብ የሸኘውን አባት እንደ ጣለው ይቈጥረዋል። ብዙ ቤተሰቦች ሕሙማናቸውን ደበቁ፤ ሬሳቸውን በስውር ቀበሩ፤ በሽታውም አብሮ ተደበቀ።

ኋላ ግን የሕዝቡን ባህል የሚያጠኑ አንትሮፖሎጂስቶች፣ ኢማሞችና የክርስቲያን የሃይማኖት አባቶች ከሐኪሞች ጋር ተቀምጠው መከሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ደኅንነትንና ክብርን አንድ ላይ የጠበቀ የቀብር መመሪያ አወጣ። ቤተሰብ ከሬሳው ርቆም ቢሆን እንዲሰናበት፣ የሃይማኖት አባት ጸሎት እንዲያደርስ፣ መቃብሩ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ፣ ሙስሊም ሟች በውኃ ፋንታ በተየሙም ሥርዐት እንዲገነዝ ተፈቀደ። ሕዝቡም ቀስ በቀስ በሩን ከፈተ። ሰው በምን እንደሚሞት የሚያውቀው ዕውቀትና ሰው ሙታኑን እንዴት እንደሚያከብር የሚያውቀው ዕውቀት በተገናኙበት ቦታ የብዙ ሰው ሕይወት ተረፈ። ታዲያ የዚያ አንትሮፖሎጂ ደብተር እንጀራ አልሆነምን?

ከአገራችንም ምሳሌ አናጣም። ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ የብልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሚፈሰው ውኃ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እናቶቻችን በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ኖረዋል፤ ይህን ከሳይንስ ጋር ለማገናኘት የሚያስፈልገው በማጉያ መነጽር የሚያይ ዓይን ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ወንዝ ዳርቻዎቹም ሴቶች ዘወር ብሎ የሚያይ፣ ልማዳቸውን የማይንቅ ዓይን ነበር። ነጻ ጥበባት ሊያሳድጉ የሚሹት ይህን ዓይን ነው።

ስለ ሌሎች ይህን ስንል የራሳችንንም ጉድለት ሳንናዘዝ ማለፍ አይገባንም። በዘርዐ ክህነት ሳለን ከነገረ መለኮት በፊት የተሰጡንን የፍልስፍናና የሥነ ጽሑፍ ዓመታት እንደ ረጅም ደጅ ጥናት ነበር የቈጠርናቸው፤ ፈተናውን አልፈን ረሳናቸው። በክህነታችን መጀመሪያ ላይ አንድ ወጣት ልጇን ያጣች እናት ቤት ገባን። ስለ ትንሣኤ ሙታን ረዘም ያለና ሥርዐት ያለው ትምህርት ሰጠን። እናቲቱ ዓይኗ ደርቆ መሬት መሬት ታያለች። ስንጨርስ በማእዘን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ የልጁን ስምና ሥራ እያነሡ፣ ሁለት ስንኝ ሙሾ አወጡ። ያን ጊዜ እናቲቱ እንባዋ ወረደ፤ ካለቀሰችም በኋላ ወደ እኛ ዘወር ብላ «አባ፣ አሁን ጸልዩልኝ» አለች። የተናገርነው ሁሉ እውነት ነበረ፤ ለእርሷ የሚሆን ቃል ግን አልነበረንም። ቃሉ የነበረው ማንበብ ከማያውቁት አሮጊት ዘንድ ነበር።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2024 ሥነ ጽሑፍ በሰው ሕንጸት ውስጥ ስላለው ሚና የጻፉትን መልእክት ስናነብ ያች ቀን ትዝ አለችን። ቅዱስነታቸው መልእክቱን በመጀመሪያ ያሰቡት ለካህናት ሕንጸት ሲሆን፣ በኋላ ለክርስቲያኖች ሁሉ እንዲሆን አድርገውታል። እርሳቸው ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 በአርጀንቲና በሳንታ ፌ ከተማ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበሩ። የሌላውን ሰው ልብ ለመስማት ልቦለድና ግጥም ጆሮን እንደሚያሠለጥኑ ከልምዳቸው ያውቁ ነበር። የሌላውን ድምፅ መስማት ያልለመደ ካህን መካሪ፣ ያልለመደ ሐኪም ፈዋሽ፣ ያልለመደ ዳኛም ፍርድ ዐዋቂ ሊሆን እንዴት ይቻለዋል?

ይሁን እንጂ ለነጻ ጥበባት የማይገባቸውን ክብር እንዳንሰጣቸው መጠንቀቅ አለብን። ሕዝባችን «የተማረ ይግደለኝ» ይላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1942 በበርሊን ዳርቻ በቫንዜ ተሰብስበው የአይሁድን ሕዝብ ስለ መፍጀት በረጋ መንፈስ ከተነጋገሩት 15 ባለሥልጣናት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት የዶክትሬት ማዕረግ ነበራቸው። ያደጉትም ሥነ ጽሑፍና ሙዚቃ በሚከበርበት አገር ነበር። የተማረ በእርግጥ ገደለ። ኒውማንም ቢሆኑ የታነጸ አእምሮና ቅድስና አንድ እንዳልሆኑ አጥብቀው አስተምረዋል። ሰፊ ትምህርት የሰውን ፊት እንድናይ መስኮት ይከፍትልናል፤ በመስኮቱ ያየነውን ሰው መውደድ ግን የፈቃድና የጸጋ ሥራ ነው። ስለዚህ ትምህርት ያለ ሥነ ምግባር በቂ ነው አንልም፤ መስኮቱን መድፈን ግን ፍቅርን አያመጣም እንላለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወላጆች ልጃቸው ለዕረፍት ሲመጣ ስንት እንዳመጣ ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ተረዳ ይጠይቁት። ተማሪዎች የጋራ ትምህርቶችን ለማለፍ ብቻ አይማሯቸው፤ ከሙያቸው ውጭ የሆነ አንድ መጽሐፍ ሁልጊዜ ከእጃቸው አይጥፋ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀውን ሕፃን ዝም አያሰኙት፤ ፍልስፍና የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ቁምስናዎችም መጻሕፍቶቻቸውን ይክፈቱ። በእኛ ቁምስና ያለው የመጻሕፍት ቁም ሣጥን ለረጅም ጊዜ ተቈልፎ በመኖሩ፣ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ቁልፉን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብናል።

ከጥቂት ወራት በኋላ እኚያን አባት ደግመን አገኘናቸው። ክርክር አላነሣንባቸውም፤ ስለ ትውልድ አገራቸው ብቻ ጠየቅናቸው። በጨዋታችን መካከል በመንደራቸው ስለ ተሠራ አንድ የውኃ ፓምፕ አነሡልን። ፓምፑ ጥሩ ነበር፤ የተተከለበት ቦታ ግን ሁለት ቤተ ዘመድ ለብዙ ዘመን የሚካሰሱበት መሬት ነበር። በዓመቱ ጠብ ተነሣ፤ ቧንቧው ተሰበረ፤ እስከ ዛሬም ዝጎ ቆሟል፤ ሴቶቹም ወደ ወንዙ ተመለሱ። «መሐንዲሶቹ አፈሩን መርምረው ነበር» አሉ፤ «የመሬቱን ታሪክ ግን የጠየቀን ሰው አልነበረም።» ይህን ተናግረው ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ከዚያ ፈገግ ብለው «ልጄ ታሪክ ስንት አምጥቶ ይሆን?» አሉን።

የእርሳቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ዛሬም ተገቢ ነው፤ ትምህርት እንጀራ መሆን አለበት። እኛ የምንጨምረው አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ ለማን? ለተማረው ብቻ የሚሆን እንጀራ በአንድ ሙያ ሊገኝ ይችላል። ለመንደሩ ሁሉ የሚሆነውን እንጀራና ውኃ ለማቅረብ ግን አፈሩንም የመሬቱንም ታሪክ፣ በሽታውንም ሕመምተኛውንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ልጆቻችንን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ስንልክ እንዲህ ያለ ሰው ሆነው እንዲመለሱልን እንመኝ፤ ለዚህም የሚያስፈልገውን አንድ ዓመት አንንፈጋቸው።